መነሳሳት ፍለጋ አያት ድረስ

መጽሐፉን የሰጠኝ አለቃዬ ናሆም ነው። ርዕሱንም የጸሐፊውንም ስም እዚህ አልጠራም። ጸሐፊው ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ ሽፋኑ ላይ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ለምትወጣው ፀሐይ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። በሕይወቱ ለታክሲ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው እንደዚያ አይስቅም።

ያኔ ቦሌ ውስጥ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የሥራ መደቤ «ክሪኤቲቭ» ይባላል። እናቴ ሰው ሲጠይቃት «ቢሮ ነው የምትሠራው» ብላ ታልፈዋለች፤ እኔም ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ አልነበረኝም። በዚያ ሰሞን የተሰጠኝ ሥራ የአንድ ቤት ሠሪ ኩባንያ ማስታወቂያ ነበር። ባለቤቶቹ ስብሰባ ላይ «እኛ የምንሸጠው ጸጥታ ነው፤ የጎረቤት ድምፅ ድርሽ የማይልበት ቤት» አሉን። ቀላል ነው ብዬ ጀመርኩ። «ጸጥታ ቤትዎ ገባ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሌባ የገባ አስመሰለው። «ከእንግዲህ ማንም አይሰማዎትም» የሚለውን ሳነብላት ደግሞ ሒሳብ ክፍል የምትሠራው ትርሲት «ይሄ ማስታወቂያ ነው ዛቻ?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ጭራሽ ደረቅሁ። ኮምፒውተሩን ከፍቼ እቀመጣለሁ፤ እሱ ያየኛል፣ እኔ አየዋለሁ፣ ምሳ ሰዓት ይደርሳል። ለሰው ስቄ አወራዋለሁ እንጂ ውስጤ ፈርቶ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ እችላለሁ የምለው ነገር መጻፍ ብቻ ነው። እሱ ጥሎኝ ከሄደ የቀረችው ፍሬሕይወት ማን እንደሆነች አላውቃትም።

ዓርብ ናሆም ጠራኝ።

«ፍሬዬ፣ ብሎክ ሆነሻል» አለኝ። «ኖርማል ነው፣ አትደንግጪ። ግን ሰኞ ኮንሰፕቱን ካላመጣሽ ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው። እስቲ ይሄን አንብቢ። ላይፌን ነው የቀየረው።»

የናሆም ሕይወት ሲቀየር ቢሮው ውስጥ ማንም አላየም። ቢሆንም ተቀበልኩት።

ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ወደድኩት። ሰውየው ሲጽፍ ያባብላል። «በውስጥህ የተኛ ወንዝ አለ» ይላል። እኔ ውስጤ ያለው ጨጓራ ብቻ ይመስለኝ ነበር። «የዝምታ ቀን» የሚለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ደግሞ ልቤ ቆመ። ስልክህን ቤትህ ተው ይላል። ማንም የማያገኝህ ቦታ ሂድ፣ በር ቆልፍ፣ ባዶ ግድግዳ ፊት ለፊት ተቀመጥ። ከዚህ መጽሐፍና ከአንድ እስክሪብቶ በቀር ምንም አትያዝ። ግድግዳው እስኪናገር ጠብቅ።

ባዶ ግድግዳ ደግሞ ነበረኝ። ወንድሜ ያሬድ አያት አካባቢ፣ ለሚ ኩራ ውስጥ፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶታል። ሥራው ድሬዳዋ ስለሆነ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ቧንቧው ደረቅ።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኬን ትራስ ስር ወሽቄ በባቡር አያት ሄድኩ። በሩ ላይ የግቢው ጥበቃ ጋሽ በቀለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ቤቱን ልታሠሩት ነው?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ ላስብ ነው የመጣሁት።»

«ምን?»

«ላስብ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እግዚአብሔር ይማርሽ» አሉኝ።

ወጣሁ፣ ገባሁ፣ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። ቀለም ቀቢዎች ትተውት የሄዱትን ባልዲ ገልብጬ ግድግዳው ፊት ተቀመጥኩ። ማዶ አዲስ ሕንፃ እየተሠራ ነው፤ የሲሚንቶ ማቡኪያው የጥርስ ሕመም እንዳለበት ሰው ያጓራል። ቢሆንም ዓይኔን ጨፈንኩ። ምዕራፉ «አሁን ግድግዳውን አድምጥ» ይላል። አዳመጥኩ።

ጓ። ጓ። ጓ።

እመኑኝ፣ ለአፍታ መጽሐፉ የሠራ መሰለኝ። ዓይኔን ሳልገልጥ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «እየሰማሁ ነው» አልኩ።

ግድግዳው «ከሰማሽ ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ።

ከባልዲው ወደቅሁ።

«ማነው?» አልኩ እንደምንም።

«አንቺ ማነሽ? እዚያ ቤት ሰው አይኖርም ብለውኝ ነበር።» የአሮጊት ድምፅ ነው፤ የወለጋ ቅላጼ አለው፣ ደግሞ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ፍሬሕይወት እባላለሁ። የወንድሜ ቤት ነው። እርስዎስ?»

«ወርቂቱ እባላለሁ። ወድቄያለሁ ልጄ። መጋረጃ ልሰቅል ወንበር ላይ ወጥቼ ወደቅሁ። ዳሌዬ መሰለኝ፤ ንቅንቅ አልልም አለኝ። በመጋረጃው ብረት ነው ግድግዳውን የምመታው። ስልኬ ማድ ቤት ቻርጅ ላይ ነው፤ ሲጠራ ይሰማኛል፣ ልደርስበት አልቻልኩም።»

ገና በዚያው ሳምንት መግባታቸው ነው። ፎቁ ላይ የገባ ሌላ ሰው የለም። ከሰዓት በኋላ የጸሎት ኅብረታቸው ሰዎች ቤቱን ሊባርኩ ይመጣሉ፤ ልጃቸው ጫልቱ ለዝግጅቱ ሾላ ገበያ ወርዳለች። ይህን ሁሉ በግድግዳው ነገሩኝ።

«እማማ፣ መጣሁ! አሁን መጣሁ!» ብዬ ወደ በሩ ሮጥኩ። ቁልፉን ስጠመዝዘው አልዞር አለ። በሙሉ ኃይሌ ጠመዘዝኩት። ግማሹ እጄ ላይ፣ ግማሹ በሩ ውስጥ ቀረ።

በሩን ረገጥኩት። ገፋሁት። ለመንኩት። የቆርቆሮ በር ነው፤ ድምፁ ብቻ ነው ትልቅ። ወደ ግድግዳው ተመለስኩ።

«እማማ...»

«ገባሽ እንዴ? አላየሁሽም።»

«ቁልፉ ተሰበረብኝ። እኔም ተዘግቶብኛል።»

በኦሮምኛ «ያ ጎፍታ!» ሲሉ ሰማሁ። «ጌታ ሆይ፣ ሰው ላክልኝ ብዬ ብለምንህ የተዘጋባትን ትልክልኛለህ?»

የሚናገሩት ለእኔ አልነበረም። ቢሆንም «ይቅርታ» አልኩ።

«በይ ደውዪያ!»

«ስልክ አልያዝኩም።»

«የዘንድሮ ልጅ ሆነሽ ስልክ የለሽም?»

«ቤት ትቼው ነው። አንድ መጽሐፍ እያነበብኩ ነበር፤ ስልክህን ተው ይላል።»

«የምን መጽሐፍ ነው?»

«ስለ መነሳሳት ነው እማማ።»

«እኔን ማንሳትስ ያውቃል?»

ሳቅሁ። እሳቸውም ሊስቁ ሞከሩና አመማቸው። ከዚያ እንደ ዋዛ የተናገሯት ቃል ሳቄን አደረቀችው።

«ራበኝም መሰለኝ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል። የስኳር መርፌዬን ጠዋት ወግቼ፣ መጋረጃውን ሰቅዬ እበላለሁ ብዬ ነው።»

ስለ ስኳር ሕመም አንድ ጊዜ የሬዲዮ መልእክት ጽፌያለሁ፤ ከሠራኋቸው ማስታወቂያዎች ሁሉ ጥቅም ያለው እሱ ብቻ ይመስለኛል። ኢንሱሊን ወግቶ ያልበላ ሰው ስኳሩ ይወርዳል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ነገር ይምታታበታል፣ ራሱን ይስታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውንም ጽፌው ነበር፤ ደንበኛው «ሰው አታስፈራሪ» ብሎ አስወጣብኝ።

«እማማ፣ አልቦዎታል?»

«ልብሴ ርሷል።»

በረንዳ ላይ ወጥቼ «እርዱን!» ብዬ ጮኽሁ። ማቡኪያው ውጦት ቀረ። ቢጫ ሹራቤን አውልቄ አውለበለብኩ። ማዶ ግንብ ላይ ያለ አንድ የቀን ሠራተኛ አየኝ። ደስ አለኝ። እሱም ደስ ብሎት ኮፍያውን አውልቆ አውለበለበልኝ፤ በጣቱ አፏጨና ለጓደኞቹ አሳየኝ። እነሱም አውለበለቡ። እኔ በሁለት እጄ እየጠራኋቸው እንባዬ ይወርዳል፤ እነሱ መጀመሪያ ያየኝን እየገፉ «ሂድ፣ ሂድ» ይሉታል። እሱ አፈረና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ያለኝ መጽሐፉና እስክሪብቶው ነው። የመልመጃ ገጾቹ ጀርባቸው ባዶ ነበርና ገነጣጠልኳቸው። «አራተኛ ፎቅ! ሰው ታሟል! ድረሱልን!» እያልኩ በትልልቁ ጻፍኩና ወደ ታች ለቀቅኳቸው። አንዱን ነፋስ ወስዶ ገና ያልደረቀ ኮንክሪት ውስጥ ከተተው፤ ሠራተኛው ቀና ሳይል በአካፋው አብሮ አገላበጠው። «ድረሱልን» የሚለው ጽሑፌ ዛሬ የአንድ አፓርታማ ምሰሶ ውስጥ ነው ያለው።

አንዱ ግን በቀጥታ ጋሽ በቀለ እግር ስር አረፈ። እሳቸው ወደ ላይ አላዩም። ወረቀቱን አነሱ፣ መነጽራቸውን ከኪስ አወጡ፣ ድንጋያቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡና ያነቡ ጀመር። የጻፍኩበትን ሳይሆን የታተመውን! ከላይ ሆኜ ራሳቸውን በመስማማት ሲነቀንቁ አያለሁ። አንድ ቦታ ላይ ደርሰው ጣታቸውን አቁመው እንደገና አነበቡ። በሕይወቴ አንባቢን እንደዚያ የጠላሁበት ቀን የለም።

ወደ ግድግዳው ተመለስኩ። «እማማ፣ እንዴት ነዎት?»

«ጫልቱ» አሉ። ድምፃቸው ምላሳቸው ላይ ይንከባለላል። «ጫልቱ፣ ላሞቹን አስገባሽ?»

«ፍሬሕይወት ነኝ እማማ። ያናግሩኝ፣ እንዳይተኙ!»

በኦሮምኛ መዝሙር ጀመሩ። ቀስ ያለ ነው፤ መሐሉ ላይ ቃላቱ ጠፉባቸውና ዜማው ብቻ ቀረ። ከዚያ ዜማውም ተቋረጠ።

ግድግዳውን በጡጫዬ ደበደብኩት። ለሳምንታት ስጽፍለት የከረምኩት ጸጥታ ይኸው መጣ።

ሁለቱ በረንዳዎች ጎን ለጎን ናቸው። የሚለያቸው አንድ የብሎኬት ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ግን ከበረንዳው ጠርዝ አያልፍም። ብረቱን ተሻግሮ ከውጭ በኩል የቆመ ሰው፣ ግድግዳውን አቅፎ አንድ እግሩን ቢያሻግር ይደርሳል። ቀላል ነው፤ ምድር ቤት ቢሆን። እኔ ደግሞ የእግረኛ ድልድይ እንኳ ስሻገር ዓይኔን ከእግሬ ሳልነቅል መሐል መሐሉን የምሄድ ሰው ነኝ።

ጫማዬን አወለቅሁ። ብረቱን ተሻገርኩ። መጽሐፉ «ፍርሃትህን እቀፈው» ይላል፤ እኔ ያቀፍኩት ብሎኬቱን ነው። ጉንጬን ሲሚንቶው ላይ ለጥፌ፣ ቀኝ እግሬን ወደ ማዶ ሰድጄ ጠርዙን ፈለግሁ። የለም። ትንሽ ጨመርኩ። የለም። ከታች አንድ ሰው ሲጮህ ሰማሁ፤ ማቡኪያውም ድንገት ዝም አለ። አሁን ነው የሚሰሙኝ! ግን ድምፄ እምቢ አለኝ። «ማርያም» አልኩ በሹክሹክታ፤ የእግር ጣቴ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ነካ። ክብደቴን ወደዚያ ጣልኩ። እንዴት ብረቱን እንዳለፍኩ አላስታውስም። ጉልበቴ ተልጦ የእማማ ወርቂቱ በረንዳ ላይ በአራት እግሬ ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

ለመጋረጃው ሲሉ በሩን ከፍተውት ነበር። ግማሹ የተሰቀለ፣ ግማሹ መሬት የወደቀ መጋረጃ ውስጥ ተኝተዋል። ትንሽ ሴት ናቸው። ከድምፃቸው የጠበቅሁት ግዙፍ ሴት ነበር። ፊታቸው በላብ ታጥቧል፤ ዓይናቸው ግማሽ ክፍት ነው፣ አያይም።

«ስኳር የት ነው? እማማ፣ ስኳር!»

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «በስኳር... በሽተኛ... ቤት?»

ማድ ቤቱን አተራመስኩት። ጨው፣ በርበሬ፣ ሽሮ። ከበሩ ጀርባ ለእንግዶቹ የተገዛ የለስላሳ ሳጥን አየሁ። መክፈቻ የለም። የብርቱካኑን ጠርሙስ በበረንዳው ብረት ጠርዝ መትቼ ከፈትኩትና ራሳቸውን ጭኔ ላይ አስደግፌ በማንኪያ ጫፍ ከንፈራቸውን አራስኩ። ዋጡ። ሌላ ማንኪያ። ዋጡ። በአንድ እጄ ስልካቸውን አንስቼ በተደጋጋሚ ለደወለችው ለጫልቱ መልሼ ደወልኩላት፤ ያልኳትን አላስታውስም፤ እሷ ግን «አያት ደርሰናል፣ መጣን!» ስትል ትዝ ይለኛል። ሌላ ማንኪያ።

ቆይቶ ዓይናቸው ወደ እኔ ዞረና ረጋ። ጠርሙሱን አዩ።

«ይሄ እኮ ለእንግዳ ነው» አሉኝ።

«እኔም እንግዳ ነኝ፤ ድርሻዬን ሰጥቼዎት ነው።»

ትንሽ አሰቡ። «ግድግዳዋ አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ቀጭን ነሽ» አሉኝና እጄን ያዙ። ያኔ ነው ማልቀስ የጀመርኩት፤ እየተንሰቀሰቅሁ፣ በማንኪያ ለስላሳ እያጠጣሁ።

ጫልቱና የኅብረቱ ሰዎች እየሮጡ ደረጃውን ወጡ። ቁልፋቸው በሩ ላይ ነበርና ከፈትኩላቸው። ሊፍት የለም። ፍራሽ ላይ አድርገው ተሸክመዋቸው ወረዱ። እማማ ወርቂቱ ከሁሉም በላይ የሚሰማ ድምፅ ተመልሶላቸዋል። «ቀስ በሉ! ሬሳ አይደለሁም!» ይላሉ። አንዱ ሰው ሕመማቸውን ሊያስረሳቸው መዝሙር ጀመረ። «አንተ ልጅ፣ በዚህ ዜማ ደረጃ አይወረድም፤ ረጋ ያለውን ያዝ» አሉት።

ታች ስንደርስ ጋሽ በቀለ ወረቀታቸውን ይዘው መንገዱ ላይ ቆመዋል። ከፍራሹ በፊት ያዩት እኔን ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ጽሑፍ ያንቺ ነው? በጣም ጥሩ ነገር ነው። ቀሪው የት አለ?»

«ይገልብጡት ጋሼ።»

ገለበጡት። አነበቡት። ወረቀቱን አየት፣ ፍራሹን አየት አደረጉ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና የፍራሹን አንድ ጫፍ ይዘው ሰዎቹ የመጡበት መኪና ድረስ ሸኙን።

እማማ ወርቂቱ ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር፤ በቀዶ ሕክምና ተሠራላቸው። ሐኪሙ ስለ ለስላሳው ሲሰማ ጫልቱን ትቶ እኔን አየኝና «እንኳን ደረስሽ» አለኝ። ለዚያች ቃል ያህል የተደሰትኩበት አድናቆት አግኝቼ አላውቅም።

ሰኞ ናሆም «እሺ፣ መጽሐፉስ?» አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት። አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ስጨርስ ዓይኑ እንባ ያቀረረ መስሎኝ ነበር።

«ዋው» አለ። «ፍሬ፣ ይሄን እኮ ለለስላሳው ደንበኛ እንሸጠዋለን! ሴትየዋ ዓይኗን ስትገልጥ፣ ክሎዝ አፕ፣ ጠርሙሱ!»

ለቤት ሠሪዎቹ የጻፍኩትን ወረቀት ሰጠሁት። «ግድግዳችን ስስ ነው። ቢወድቁ እንሰማዎታለን» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይሄ ደንበኛውን በቁሙ ይገድለዋል» አለኝ። ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጠው፤ እኔም ብዙ ሳልቆይ ለቀቅሁ። አሁን የምኖረው እዚያው፣ ያሬድ ቤት ነው። በሩን ቀይረነዋል። ለሬዲዮ የሰዎችን ታሪክ እጽፋለሁ፤ ከቢሮው ያነሰ አገኛለሁ፣ ከቢሮው የበለጠ እተኛለሁ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች «እና መጽሐፉ ውሸት ነው?» ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ምን ልበላችሁ? ዝም ብለሽ አድምጪ ያለኝ እሱ ነው፤ ባይለኝ ኖሮ ያን ቅዳሜ ጠዋት አልጋዬ ላይ ስልኬን እየጎረጎርኩ ነበር የምገኘው። ስልክሽን ተዪ ያለኝም እሱ ነው፤ ለዚያች ምክሩ ደግሞ አንድ ቀን ባገኘው የምነግረው ነገር አለኝ። ወንዝ የተባለውን ግን ውስጤ ውስጥ አላገኘሁትም። ያን ቀን ውስጤን ቢቆፍሩት የሚወጣው ፍርሃት ብቻ ነበር። ብረቱን ያሻገረኝ የተቋረጠ መዝሙር ነው፤ የሌላ ሰው መዝሙር። አሁንም የምደርቅበት ቀን ብዙ ነው። ስደርቅ ግን ራሴን መውቀሱን ትቼ ጎረቤት ሄጄ እጠይቃለሁ፤ «ዛሬ ምን ገጠመዎት?» እላለሁ። የሰው ልጅ ስንት ነገር እንደሚገጥመው! ብቻ በረንዳ ለበረንዳ እንዳትሻገሩ። አደራ።

እማማ ወርቂቱ በከዘራ መሄድ ሲጀምሩ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ምስክርነታቸውን እንድሰማ ጋበዙኝ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እናቴ «ሂጂ፣ ግን እዚያው እንዳትቀሪ» ብላ አስጠንቅቃኛለች። መሐል ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። እማማ መድረክ ላይ ወጡ፣ ድምፅ ማጉያውን እንደ ሞግዚት ተቆጣጠሩትና ጀመሩ።

ሲጀምሩ ቤቱ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። መሐል ላይ ስድስተኛ ሆነ። ታሪኩ ውስጥ እኔ ስገባ ሰባተኛ ላይ ደረስን። ቢጫው ሹራቤ ቀርቶ ነጭ ልብስ ለብሻለሁ። ብረት የለም፣ ብሎኬት የለም፤ «በአየር ላይ ተራመደች!» አሉ፤ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ለሳምንታት አንድ ዓረፍተ ነገር አልመጣልኝ ያለ ሰው ተቀምጦ፣ እኚህ ሴት ያለ መጽሐፍ፣ ያለ ዝምታ ቀን፣ ሦስት ፎቅ በትንፋሽ ገነቡ።

ቢሆንም እውነቱ መነገር አለበት ብዬ፣ አራተኛ ፎቅ ነው ልላቸው፣ እጄን አነሳሁ። አጠገቤ ያለችው ሴት አየችኝና እሷም እጇን አነሳች። ከዚያ ረድፉ አነሳ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ፣ ሃሌሉያ እያለ። እማማ ወርቂቱ ከዘራቸውን በሕዝቡ ራስ ላይ አሻግረው ወደ እኔ ቀሰሩት።

«ያችውላችሁ!» አሉ።